ባሕር በሌለበት የባሕር ኃይል መኮንን ማሠልጠን፦ ይሁን ወይስ ይቅር?

አጎትየው (ጥያቄ አቅራቢ)፦
የእኅቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን በጥሩ ውጤት አለፈች። ምህንድስና ትገባለች ብለን ስንጠብቅ «የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንን መሆን እፈልጋለሁ» ብላ ቁጭ አለች። እናቷ አለቀሰች። አያቷ «የት ያለ ባሕር?» ብለው ሳቁ። እኔ መካከል ላይ ቀርቼ ነገሩን ወደዚህ አመጣሁት፤ ጥያቄው ከቤታችን ይሰፋልና። ባሕር ኃይላችን በ1980ዎቹ መጨረሻ መርከቦቹ በሐራጅ ተሸጠው ፈረሰ። በ2010 ዓ.ም. እንደገና ይቋቋማል ተባለ፤ በመጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈረመ። ወደብ ግን ዛሬም የለንም። እንዲህ ያለች አገር መኮንኖቿን እዚሁ ማሠልጠን አለባት? ውጭ ትላክ? ወይስ ጨርሶ ይቅር?

ግብር ከፋዩ፦
ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። መጀመሪያ ወደቡ ይምጣ፤ መኮንኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጡረተኛው መርከበኛ፦
አይደርስም፣ ወንድሜ። ቀልዱ ያምራል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። መርከብ ገንዘብ ካለህ በአንድ ዓመት ትገዛለህ። መርከቧን በሌሊት፣ በጭጋግ፣ በደሴቶች መካከል የሚያሳልፍ አዛዥ ግን 15 ዓመት ይፈጃል።

እኔ የባሕር ኃይል ኮሌጅ የገባሁት በ1960 ዓ.ም. ነው። ኮሌጁ የት ነበር? አሥመራ! ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ። ትምህርቱ 52 ወር ይወስድ ነበር። በኮከብ አቅጣጫ ማግኘትን ስንማር ሴክስታንት በሚባል ማዕዘን መለኪያ መሣሪያ የኮከቡን ከፍታ ከባሕሩ አድማስ መለካት ነበረብን፤ ደጋ ላይ ደግሞ የባሕር አድማስ የለም። ስለዚህ አስተማሪያችን ዝርግ ሳህን ውስጥ ጥቁር የሞተር ዘይት ያፈስና ግቢው መሬት ላይ ያስቀምጣል። ኮከቡን በሰማይ፣ ጥላውን በዘይቱ ውስጥ አይተን ሁለቱን በመሣሪያው እናገጣጥምና ያገኘነውን ማዕዘን ለሁለት እንከፍላለን። ነፋስ ሲመጣ ዘይቱ ይሸበሸባል፤ ኮከቡ ይበተናል። ካፖርታችንን አውልቀን ሳህኑን እንከልል ነበር። ብርዱን አልረሳውም።

ያንን ያወቀ ልጅ ምፅዋ ሲወርድ ከባዶ አይጀምርም። ስለዚህ «ባሕር ከሌለ ኮሌጅ የለም» የሚለውን ክርክር እኔ በሰውነቴ አውቀዋለሁ፤ ውሸት ነው።

የሒሳብ መምህርት፦
ጋሼ፣ የዘይቱን ነገር ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ የነጸብራቅ ሕግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም። ግን ምስክርነትዎ ራሱ ይሞግትዎታል። ከአሥመራ ምፅዋ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ጠመዝማዛ መንገድ መጨረሻ ላይ የራሳችን ወደብ፣ የራሳችን የማሠልጠኛ መርከብ ይጠብቃችሁ ነበር። ዛሬ ከመንገዱ መጨረሻ ላይ ምን አለ? ዘይት ያለበት ሳህን ብቻ ከቀረ ልጅቷ የምትማረው የባሕርን ሥነ ፈለክ እንጂ የባሕርን ሥራ አይደለም።

ጡረተኛው መርከበኛ፦
ልክ ነሽ፣ ልጄ፤ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ሌላው ቀርቶ እኔው ራሴ ማስረጃ ነኝ። ከአሜሪካ በ1954 ዓ.ም. የተረከብናት «ኢትዮጵያ» የምትባል ትልቅ መርከብ ነበረችን። በመጀመሪያ ጉዞዬ ሆዴ እየተገለበጠ፣ ኮከቡም አድማሱም እየዘለሉብኝ ለክቼ ያለንበትን ቦታ ካርታው ላይ ምልክት አደረግሁ። ነጥቤ ያረፈው የመን ተራራ ላይ ነው። አስተማሪው አልተቆጣም። እርሳሱን አንሥቶ ነጥቡ ላይ ትንሽ ጎጆ ሣለበት፣ ከጎጆው አጠገብ አንድ ፍየል ጨመረና ሄደ። አሥመራ ላይ ግን አንደኛ ነበርኩ።

ግብር ከፋዩ፦
ስለዚህ ተስማማን ማለት ነው? ይቅር?

ጡረተኛው መርከበኛ፦
አልተስማማንም! የት ይማሩ የሚለው ሌላ፣ ይማሩ ወይ የሚለው ሌላ።

ከማሽን ክፍል፦
በሌላ አገር ባንዲራ በምትሄድ የጭነት መርከብ ላይ መሐንዲስ ነኝ። የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው፤ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ማንም «ባሕር ነው» ብሎ አላታለለንም። የምህንድስና ዲግሪያችንን ይዘን ገባን፣ የመርከብ ሞተርና የደኅንነት ትምህርት ወሰድን፣ ከዚያ ወደ መርከብ ተላክን። ትምህርቱ የገባኝ መርከቡ ላይ ነው። አሁን ጄኔሬተሩ ሊበላሽ ሲል ከመለኪያው ቀድሞ እግሬ ሥር ያለው ብረት ይነግረኛል። ይህን የትኛውም ክፍል አያስተምርም።

በንግድ መርከብ ማዘዣ ክፍል ተረኛ መኮንን ለመሆን ስለ መርከበኞች ሥልጠና የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠይቀው በጸደቀ ሥልጠና ውስጥ ቢያንስ 12 ወር የባሕር አገልግሎት ነው። ሥልጠናው ከሌለ 36 ወር። ሕጉ የጦር መርከቦችን አይመለከትም፤ ባሕሩ ግን ወታደርና ነጋዴ አይለይም። ኮሌጁን በወር ቁጥር ለኩት፦ ዕጩዋ ከመመረቋ በፊት ስንት ወር ውኃ ላይ ትውላለች? ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ የሰልፍ ትርኢት ነው።

የሕግ ተማሪ፦
ሁላችሁም ሥልጠናውን እንጂ ስሙን አላያችሁትም። «ባሕር ኃይል» የሚለውን ቃል ጎረቤቶቻችን እንዴት ይሰሙታል? በታኅሣሥ 2016 ከሶማሊላንድ ጋር ስለ ባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ በተፈረመ ጊዜ ሶማሊያ ምን ያህል እንደተቆጣች አይተናል፤ ነገሩ የበረደው በዓመቱ ሁለቱ አገሮች በቱርክ አደራዳሪነት አንካራ ላይ ባወጡት መግለጫ ነው። ወደብ የሌላት አገር መድፍ ተኳሽ መኮንን ስታስመርቅ ጎረቤት የሚጠይቀው «የትኛውን ባሕር ሊጠብቅ ነው?» ብሎ ነው። እንደ ማሽን ክፍሉ ወንድማችን ያሉ የንግድ መርከበኞችን ብናበዛ ግን ማንም አይሰጋም፤ ደመወዛቸውም ወደ አገር ይገባል።

ከሐይቁ ማዶ፦
ቦሊቪያን ተመልከቱ። በ1879 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው ጦርነት የባሕር ጠረፏን በሙሉ በቺሊ ተነጠቀች። ዛሬም ግን ባሕር ኃይል አላት፣ የመኮንኖች ትምህርት ቤት አላት፤ በ3,800 ሜትር ከፍታ ባለው ቲቲካካ ሐይቅና በወንዞቿ ላይ ይሠራሉ። ጣናስ ምን ይጎድለዋል?

የሒሳብ መምህርት፦
ጨው ይጎድለዋል! ማዕበልም፣ የባሕር ሙላትና ጉድለትም። ቦሊቪያውያን በየዓመቱ መጋቢት ላይ የባሕር ቀን ያከብራሉ፤ ናፍቆታቸውን አከብራለሁ፤ ባሕሩን ግን አላስመለሰላቸውም። ደግሞም ወንዞቻቸው በጀልባ የሚኬድባቸው ናቸው፤ ሰው የሚሠራበት የጥበቃ ሥራ አላቸው። አባይን ከጢስ እሳት በታች በጀልባ ሞክሩትና ንገሩኝ።

አሳቢ ዜጋ፦
ይህ ሁሉ ይቅርና፣ ሴት ልጅ ለወራት በመርከብ ላይ?

የሒሳብ መምህርት፦
አናፖሊስ ያለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1976 (እ.ኤ.አ.) ነው። ወንድሜ፣ ይህኛው ጥያቄ ከኛ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል፤ ያሳርፉት።

አናፖሊስን ካነሣሁ አይቀር፣ እናቷ ልታለቅስ የሚገባት በውሉ ላይ ነው። እዚያ ዕጩው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያለ ግዴታ መውጣት ይችላል። ሦስተኛውን ዓመት ሲጀምር ይታሰራል፤ ከተመረቀ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት ያገለግላል። ይህ ለ18 ዓመት ልጅ ፍትሐዊ ነው፤ ሙያውን ቀምሶ ነው የሚፈርመው። የእኛዋ ልጅ የምትፈርመው ምን ላይ ነው? መርከብ ሳታይ? ወደቡ ቢዘገይ እሷን እግረኛ ጦር ውስጥ ይመድቧታል? ይህ በጽሑፍ ካልተመለሰ እኔ ተማሪዬን አልልክም።

አጎትየው፦
ታዲያ ውጭ ትሂድ? ያ አካዳሚ የውጭ አገር ዕጩዎችንም ይቀበላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጡረተኛው መርከበኛ፦
ይቀበላል፤ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 60፣ ያውም ከብዙ አገሮች ተደምረው። በእኛም ዘመን አንዳንዶቹ አናፖሊስ፣ አንዳንዶቹ ጣሊያን ሊቮርኖ ተላኩ፤ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ሌኒንግራድ። ጎበዝ ሆነው ነው የተመለሱ። ግን በአንድ መርከብ ላይ ሦስት ትምህርት ቤት ሲገናኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያው ገመድ በሦስት ዓይነት ይታሰራል፤ ሦስቱም «ትክክለኛው የእኔ ነው» ይላሉ። የሚያግባባቸው አገር ቤት የተማረው ነው። ኮሌጅ ለዚህ ይፈለጋል፤ ቋጠሮውን አንድ ለማድረግ።

ሌላም አለ። ግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሻገሩ ብረቱ ብቻ አልነበረም የሄደው። የእኛ ዓይነቱ እውቀት ሹፌር ሆነ፣ ዘበኛ ሆነ፣ ስደተኛ ሆነ። ከእኔ ጋር ከተማሩት ጥቂቶች ነን በሕይወት ያለነው። ወደቡ ከ20 ዓመት በኋላ ቢመጣ ማን ያስተምራል? ያኔ የሞተር ዘይቱን ሳህን የሚያስታውስ አይኖርም።

ግብር ከፋዩ፦
ይኼኛው ነገር ትንሽ ነካኝ። ቢሆንም ትዝታን በግብር አንከፍልም። ጋሼ እውቀታቸውን ይጻፉት፤ ወረቀት ከኮሌጅ ይረክሳል።

ከማሽን ክፍል፦
መካከለኛ መንገድ አለ። ዕጩዎቹ ክፍሉን እዚህ ይማሩ፤ የባሕር ወራታቸውን በራሳችን የንግድ መርከቦች ላይ ይፈጽሙ። ባሕር ኃይሉ ሲፈርስ እንኳ የንግድ መርከቦቻችን መሥራታቸውን አላቋረጡም። መድፍ አይተኩሱባቸውም እንጂ ኮከቡም ማዕበሉም እዚያ አለ።

የሒሳብ መምህርት፦
ይህንን እቀበላለሁ፤ ወራቱ በውሉ ላይ በቁጥር ከተጻፉ።

የሕግ ተማሪ፦
እኔም፤ ስሙ ግን አሁንም ይከነክነኛል።

አጎትየው፦
ልጅቷ ሁሉንም አንብባለች። ስለ ወደቡም ስለ ውሉም አንድ ቃል አልተናገረችም። «ጋሼን ጠይቅልኝ፤ ዋና አልችልም፤ ይከለክሉኛል?» ነው ያለችኝ።

ጡረተኛው መርከበኛ፦
እኔም አልችልም ነበር፤ የደጋ ልጅ ነኝ። ምፅዋ ላይ ወገቤን በገመድ አስረው ከመርከቡ መሰላል ላይ ገፉኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ገመዱን ራሴ ፈታሁት። ንገራት።

ግብር ከፋዩ፦
እኔ ግን አልተስማማሁም።