ስለ ዓለም የውሃ እጥረት ካወቅን በኋላ የትኛው ልማድ ይቅደም?

ጠል፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዓለም ላይ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከርሰ ምድር ከሚቀዳው ንጹሕ ውሃ 70 በመቶ ያህሉ ለእርሻ ይውላል። የመኖሪያ ቤት ድርሻ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። እንዲህ ከሆነ ጥርስ ሲቦረሽ ቧንቧ መዝጋት ምን ያህል ይፈይዳል? ሥጋ መቀነስ ይቅደም? ልብስ መግዛት መቆጠብ? ወይስ ቤት ውስጥ ያለውን ማስተካከል? ቅደም ተከተሉን ከነቁጥሩ የሚያስረዳኝ ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

ዝናብ ቆጣሪ፦
ከምግብ ይጀምሩ። ግን ቁጥሮቹ ምን እንደሚለኩ አስቀድመው ይወቁ። የውሃ ተመራማሪዎቹ መስፍን መኮንንና አርየን ሁክስትራ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት 1 ኪሎ የበሬ ሥጋ በአማካይ 15,400 ሊትር ገደማ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው አረንጓዴ የሚባለው ውሃ ነው፤ ግጦሹና መኖው ላይ የዘነበው ዝናብ ማለት ነው። ሰማያዊ የሚባለው ከወንዝና ከጉድጓድ የሚሳበው ሲሆን፣ ግራጫው ደግሞ በምርቱ ሂደት የወጣውን ብክለት ለማቅጠን የሚያስፈልገው መጠን ነው። ወንዝ የሚያደርቀውና ጉድጓድ የሚያጎድለው ሰማያዊው ስለሆነ፣ ጠቅላላው ሊትር ብቻውን አይፈርድም። ዝናብ በበቃው መስክ የበቀለ ሣር የበላ ከብትና በመስኖ የለማ መኖ የበላ ከብት አንድ አይደሉም።

ለማወዳደር ከኪሎ ይልቅ ፕሮቲን ይሻላል። ለ1 ግራም ፕሮቲን የበሬ ሥጋ 112 ሊትር፣ የዶሮ ሥጋ 34፣ እንቁላል 29፣ ጥራጥሬ 19 ሊትር ይወስዳሉ። በሳምንት 200 ግራም የበሬ ሥጋን ያንኑ ያህል ፕሮቲን ባለው ጥራጥሬ ቢተኩ 3,080 ሊትር የነበረው ወደ 520 ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሥጋውን ትቶ እንደ አልሞንድ ወዳሉ የዛፍ ፍሬዎች ሲሄድ ነው። የእነዚህ አማካይ ለ1 ግራም ፕሮቲን 139 ሊትር ነው፤ ከበሬ ሥጋም ይበልጣል። ይባስ ብሎ አብዛኛው የዓለም አልሞንድ የሚመረተው ካሊፎርኒያ ውስጥ በመስኖ ነው።

የጓዳ ሒሳብ፦
የዝናብ ቆጣሪን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን እኔ ብሆን የማስቀድመው የሚጣለውን ምግብ ነው። ምንም ሳይቀርብን ልንተወው የምንችለው እሱን ነውና። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ አጥንትና ልጣጭ ጭምር ተቆጥሮ። 60 በመቶው የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው።

አንድ ሳምንት የሚጣለውን ሁሉ ለብቻው በአንድ ዕቃ አጠራቅመው ይመዝኑ፤ አጠገቡ ለምን እንደተጣለ ይጻፉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ በግምት መሥራት ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ መርሳት። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ሚዛን ነው። ሩዝ ሲበስል ክብደቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ለአንድ ሰው 75 ግራም ደረቅ ሩዝ ይበቃል። 100 ግራም ደረቅ ሩዝ በትርፍ ተሠርቶ ቢደፋ አብሮት 250 ሊትር ገደማ ውሃ ተደፋ ማለት ነው። ለሁለተኛው፣ የተረፈውን ጠለቅ ባለ ድስት ሳይሆን ሰፋ ባለ ዝቅተኛ ዕቃ ገልብጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ያስገቡ። መሐሉ ቶሎ ካልበረደ ይበላሻል። የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ4 ዲግሪ አይለፍ። በሦስት ቀን ካልተበላ ወደ በረዶ ክፍሉ።

ፈትል፦
ስለ ልብስ ልጨምር። 250 ግራም የምትመዝን የጥጥ ካናቴራ 2,500 ሊትር ገደማ ውሃ አለባት። ጥጥ ላይ ሰማያዊው ውሃ በብዙ ቦታ ከባድ ድርሻ አለው። በመካከለኛው እስያ ያለው የአራል ባሕር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሸሸው አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የተባሉት ገባር ወንዞቹ ለመስኖ በተለይም ለጥጥ ስለተጠለፉ ነው።

ስለዚህ ሊትሩን ለተለበሰበት ጊዜ ያካፍሉት። 25 ጊዜ ተለብሳ ብትጣል በአንድ መልበስ 100 ሊትር፣ 100 ጊዜ ብትለበስ 25 ሊትር። ካናቴራ የሚገድለው ከመልበሱ ይልቅ አጠባው ነው፤ ገልብጠው በ30 ዲግሪ ይጠቡ፣ ማድረቂያ ማሽን አያስገቡ፣ የተተረተረ ስፌት ቀዳዳው ሳይተልቅ ይስፉ።

ጠል፦
በጣም ጠቀመኝ። የቤቱን ውሃ እንግዲህ ልተወው?

ቧንቧ አዋቂ፦
አይተዉት! እርግጥ ከቤትዎ የቆጠቡት ውሃ ሌላ አገር ለተጠማ ሰው አይደርስም፤ የሚተርፈው ለራስዎ ተፋሰስ ነው። ያ ተፋሰስ የተጨነቀ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ሊትር ዋጋ አለው። ጥርስ ሲቦረሽ ቧንቧውን መዝጋት ጥሩ ነው፤ ትልቁ ብክነት ያለው ግን ድምፅ ሳያሰማ በሚያፈስ የሽንት ቤት ታንከር ውስጥ ነው። በቀን መቶዎች ሊትር ሊወስድ ይችላል።

ምርመራው ቀላል ነው። ታንከሩን ይክፈቱና የምግብ ቀለም ጠብ ያድርጉበት፤ ፍላሽ ሳያደርጉ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ሳህን ውስጥ ከታየ ከታች ቀዳዳውን የሚዘጋው ጎማ አልገጠመም። ውሃውን ከመዝጊያው ዘግተው ፍላሽ ያድርጉና ጎማውን በጣትዎ ይዳስሱት። ከደረቀ ወይም ከተጣመመ ልኩን ይዘው ይቀይሩ። ደህና ከሆነ የሚቀመጥበትን ጠርዝ ይፈትሹ፤ የኖራ ቅርፊት ይዞት ይሆናል፣ በኮምጣጤ ያሹት። ሰንሰለቱንም ይመልከቱ፦ ካጠረ ጎማውን አንጠልጥሎ ይይዘዋል፤ ከረዘመ ከሥሩ ገብቶ ይነከሳል። ታንከር ውስጥ የሚጣሉ የክሎሪን ክኒኖችን አይጠቀሙ፤ ጎማውን ቶሎ የሚያደርቁት እነሱ ናቸው።

ውሃው ትርፉን ወደሚያስወጣው ቀጥ ያለ ቱቦ እየፈሰሰ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ታንከሩ ሲሞላ የውሃውን መግቢያ የሚዘጋው የተንሳፋፊው ነው። የውሃው ከፍታ ከቱቦው አፍ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ወደ ታች ያውርዱት።

ሻወሩን በባልዲ ይለኩ፦ በ10 ሰከንድ የሞላውን በ6 ያባዙት። በደቂቃ ከ9 ሊትር ካለፈ ቁጠባ ያለው ራስ ይግጠሙ። እዚህ የሚተርፈው ውሃው ብቻ አይደለም፣ ማሞቂያው የሚበላው ኃይልም ጭምር ነው። ታንከር ውስጥ ጡብ ማስገባት ግን ይቅር። እየተሸራረፈ ጎማው ሥር ይገባል፤ 6 ሊትር ብቻ በሚጠቀም ሽንት ቤት ላይ ከሆነ ደግሞ አንዴ የሚበቃውን ሁለቴ ፍላሽ ያስደርጋል።