ካምፐር ቫን ላይ ሊቲየም ለመግጠም ባትሪውን ብቻ መቀየር ይበቃል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ቫኑ ላይ አሁን ያለው አንድ 100 አምፒር ሰዓት ኤጂኤም (የታሸገ የአሲድ) ባትሪ፣ ሞተር ሲነሳ ከዲናሞው ጋር የሚያገናኘው ሪሌ፣ 150 ዋት ሶላር ከፒደብሊውኤም መቆጣጠሪያ ጋር እና 300 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር) ነው። ያሰብኩት 200 አምፒር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ገጥሜ በ2000 ዋት ኢንቨርተር የኢንዳክሽን ምድጃ ለመጠቀም ነው። መኪናው ዩሮ 6 (የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ) ነው። አሮጌውን ባትሪ አውጥቼ አዲሱን እዚያው ብተካ ይሠራል? የገመድ ውፍረትና የፊውዝ መጠንም ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ

ወንድሜ፣ ከባትሪው በፊት መውጣት ያለበት ሪሌው ነው። ሊቲየም ውስጣዊ ተቃውሞው በጣም ትንሽ ስለሆነ ባዶ ሲሆን ዲናሞው የሚችለውን ሁሉ ይስባል። በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የዲናሞው ማራገቢያ በዝግታ ስለሚዞር ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዲናሞ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ዩሮ 6 ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የመኪናው ኮምፒውተር ነዳጅ ለመቆጠብ የዲናሞውን ቮልቴጅ ወደ 12.5 አካባቢ የሚያወርድበት ጊዜ አለ። ሊቲየም ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እንኳ 13.3 ያህል ይዞ ስለሚቆይ፣ ሪሌ ካገናኛቸው የኋላው (የመኖሪያው) ባትሪ መሞላቱ ቀርቶ ሞተር ወደሚያስነሳው ወደ ፊተኛው ባትሪ ይፈሳል።

ስለዚህ በሪሌው ፋንታ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (ከዲናሞው የሚመጣውን ቮልቴጅ አስተካክሎ የኋላውን ባትሪ በልኩ የሚሞላ) ግጠም። ባለ 30 አምፒሩ ይበቃሃል፤ ሦስት ሰዓት ከነዳህ ወደ 90 አምፒር ሰዓት ይመልስልሃል። ቦታው ከኋላው ባትሪ አጠገብ ይሁን። ከፊት የሚመጣው ገመድ እስከ 5 ሜትር ድረስ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ከዚያ ከረዘመ 25። በሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስላለ ፊውዙም ሁለት ነው፦ ከፊተኛው ባትሪ አጠገብ 60 አምፒር፣ ከኋላው አጠገብም 60። ሞተሩ መነሳቱን የሚነግረውን ቀጭን የምልክት ሽቦ አትዝለለው፤ ቻርጀሩ ቮልቴጅ ብቻ አይቶ ይወስን ብትለው ዩሮ 6 ላይ እየበራ እየጠፋ ያስቸግርሃል።

ሌላ መልስ

የኢንቨርተሩን ነገር ልጨምር። 2000 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 167 አምፒር ነው፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው አንድ አሥረኛ ሲታከልበት 185 ይደርሳል። ገመዱ 70 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ በተቻለ መጠን ከአንድ ሜትር ያልበለጠ፣ ፊውዙ 250 አምፒር፣ ዓይነቱ ክላስ ቲ። ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል። ተራ ፊውዝ ውስጡ ቀልጦም በእሳት ብልጭታ ማሳለፉን ሊቀጥል ይችላል፤ ክላስ ቲ የተሠራው ይህን እንዲቆርጥ ነው።

ባትሪ ስትመርጥ 200 አምፒር ሰዓት የሚለውን ብቻ አትይ። ውስጡ ያለው ቢኤምኤስ (ባትሪውን ከጉዳት የሚጠብቀው ኤሌክትሮኒክስ) ሳይቋረጥ ስንት አምፒር እንደሚፈቅድ እይ። ብዙዎቹ 100 ወይም 150 ናቸው፤ ምድጃውን ስታበራ ቢኤምኤሱ ይቆርጥና ቫኑ ውስጥ መብራቱም ፍሪጁም አብሮ ይጠፋል። 200 የሚፈቅድ ፈልግ። ምድጃውን ዝቅ አድርጌ እጠቀማለሁ ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ብዙ ምድጃዎች ከተወሰነ ደረጃ በታች ኃይል የሚቀንሱት እያበሩና እያጠፉ ነው።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። የሶላር መቆጣጠሪያው ባለበት ቢቆይስ? ብርድ ያለበት ቦታ ላይ ማደርም አለ።

መልስ

ሊቲየም የሚል ምርጫ ካለው ወይም ቁጥሩን በእጅ ማስገባት ከቻልክ ይቆያል። መሙያው 14.2 እስከ 14.4 ቮልት፣ ማቆያው 13.5፣ ኢኳላይዜሽን (ለአሲድ ባትሪ በየጊዜው የሚደረግ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሙሌት) እና የሙቀት ማካካሻ (ቮልቴጁን እንደ ሙቀቱ የሚለዋውጠው) ሁለቱም ይጥፉ። ኢኳላይዜሽን ካልጠፋ ቮልቴጁ 15 አልፎ ቢኤምኤሱን ያስቆርጠዋል። ግን እኔ ብሆን በኤምፒፒቲ (ሶላሩን ብዙ ኃይል በሚሰጥበት ቮልቴጅ የሚያሠራ መቆጣጠሪያ) እቀይረዋለሁ። ያንተ ሶላር 150 ዋት የሚሰጠው 18 ቮልት አካባቢ ሲሠራ ነው፤ ፒደብሊውኤም ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ጎትቶ ስለሚያወርደው የሚቀርህ 110 ዋት ገደማ ነው። ስታገናኝ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ሶላሩን፤ ስታላቅቅ ደግሞ መጀመሪያ ሶላሩን።

ስለ ብርዱ፦ ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ አኖዱ (የባትሪው ነጌቲቭ ክፍል) ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። ያ ጉዳት አይመለስም። መጠቀም ይቻላል፣ መሙላት ነው የማይቻለው። ቢኤምኤሱ በብርድ መሙላትን የሚያቆም መሆኑን አረጋግጥ፤ ባትሪውንም ከወለሉ ሥር ሳይሆን ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አስቀምጥ።

አንድ ግልጽ ነገር፦ 200 አምፒር ሰዓት ማለት 2560 ዋት ሰዓት ነው። 1800 ዋት ምድጃ በግማሽ ሰዓት 1000 ይበላል፣ ሶላርህ በጥሩ ቀን የሚመልሰው ግን 500 አካባቢ ነው። መኪናው በማይነዳባቸው ቀናት በዚህ ሶላር ምድጃውን መቀለብ አይቻልም፤ ወይ ጣሪያው የሚችለውን ያህል ሶላር ጨምር፣ ወይ የጋዙን ምድጃ አታውጣ።

ሌላ መልስ

ሻንቱን (የባትሪ መቁጠሪያውን) ስትገጥም ባትሪው ነጌቲቭ ላይ ከሻንቱ ገመድ በቀር ምንም አይታሰር። አንድ ነጌቲቭ ገመድ እንኳ ሻንቱን ዘሎ ቀጥታ ባትሪው ላይ ከታሰረ ፐርሰንቱ በየቀኑ እየተዛባ ይሄዳል።

የገመዱ ጫፍ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ይጨመቅ እንጂ በመዶሻ አይቀጥቀጥ። ተርሚናሉ ላይ የገመዱ ጆሮ ቀጥታ መዳብ በመዳብ ይረፍ፣ ሮንዴላው ከላይ። ሮንዴላ በመካከል ሲገባ ኃይሉ ሁሉ በብረት በኩል ስለሚያልፍ መገናኛው ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ሁሉም ታስሮ ሲያልቅ ምድጃውን በሙሉ ኃይል አብርተህ የእያንዳንዱን መገናኛ ሁለት ጎን በመልቲሜትር ለካ። 150 አምፒር እያለፈ 0.1 ቮልት ካነበብክ እዚያች ቦታ ላይ 15 ዋት ሙቀት አለ ማለት ነው፤ አጥፋ፣ ፍታ፣ አጽዳ፣ እንደገና እሰር።