ከደሴ ወደ አዋሽ ፓርክና ፍል ውሃው፦ ለ8 ሰው 3 ሌሊት በድንኳን፣ መንገዱ፣ ውሃው፣ አዳሩ

የሆጤዋ

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንደምን ከረማችሁ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ስምንት ሆነን ከደሴ ተነስተን አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 3 ሌሊት በድንኳን ልናድር አስበናል። ሐሳባችን ሳላ (ኦሪክስ) ማየትና በፓርኩ ሰሜን በኩል ያለው ፍል ውሃ መግባት ነው። አባቴም አብረውን አሉ፤ 66 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የደም ግፊት ክኒንም ይወስዳሉ። ፍል ውሃውን የፈለጉት በዋናነት እሳቸው ናቸው።

በባቲ ነው ወይስ በአዲስ አበባ ዞረን የምንሄደው? ሃይሩፍ መከራየት በቂ ነው? ስንት ሊትር ውሃ እንያዝ? ድንኳኑ የት ቢተከል ከጅቡም ከዝንጀሮውም እንተርፋለን? ፍል ውሃው አባቴን እንዳይጎዳቸው ምን እናድርግ? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ አላህ ይስጥልኝ።

የባቲ መስመር

ወዓለይኩም ሰላም እህታለም። ስለ መንገዱ እኔ ልበልሽ።

በአዲስ አበባ ከዞራችሁ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ወደ 375 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ አዋሽ ሰባት ደግሞ 225 ገደማ ስለሆነ 600 ይሞላል። በባቲ ከወረዳችሁ ከኮምቦልቻ ሚሌ ወደ 130፣ ከሚሌ በገዋኔ በኩል አዋሽ ሰባት ወደ 300 ነው። በርቀት የባቲው በብዙ ያጥራል። ጥቅሙ ደግሞ ርቀቱ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ የዱር እንስሳ አገር ያቋርጣል። ከሚሌ ወደ ገዋኔ ስትወርዱ የያንጉዲ ራሳን ፓርክ ታልፋላችሁ፤ የዱር አህያን ለመጠበቅ የተከለለ ነው። ከገዋኔ በኋላ ደግሞ የአለደጌ ሜዳ ይመጣል፤ ሳላም የግሬቪ የሜዳ አህያም ያለበት ነው። ሁለቱንም ከመኪና ሳትወርዱ በዝግታ እያያችሁ እለፉ፤ ለአዳር ግን አትቁሙ።

የትኛውም መንገድ ቢሆን በመነሻችሁ ዋዜማ ሁኔታውን ጠይቁ። የሚጠየቀውም ኮምቦልቻ መናኸሪያ ከዚያው መስመር በዕለቱ የገባ ሾፌር ነው። የሳምንት ወሬ አይሠራም። ከሁለቱ አንዱ «አሁን አይሆንም» ከተባለ ክርክር የለውም፣ ቀኑን አሸጋግሩት።

ሰኞ ቀን ባቲን ለማለፍ አትነሱ። ገበያው የሚውለው ሰኞ ነው፤ ግመሉ፣ ከብቱና ሰዉ አስፋልቱ ላይ ስለሚሆን ሰዓት ይበላባችኋል። ከሚሌ በኋላ ያለው የጅቡቲ መስመር ነው፤ ተሳቢው ቀንም ማታም አይቋረጥም፣ ፍየልና ግመል ድንገት ይገባል። ከኮምቦልቻ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አዋሽ ግቡ፤ ካልደረሰላችሁ መንገድ ላይ ከተማ እደሩ።

ሃይሩፍ እስከ ፓርኩ ዋና በር ያደርሳችኋል። ፍል ውሃው ግን ከአስፋልቱ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የሚሄድ ጥርጊያ ነው። ድንጋዩ የጎማን ጎን ይቆርጣል፣ የሃይሩፍን ሆድ ይመታል። ስለዚህ ላንድክሩዘር ወይም ሁለት ሀይሉክስ ያዙ። ሁለት መኪና ከሆነ አንዱ ቢቆም ሌላው ይጎትተዋል፤ ለስምንት ሰው ከነዕቃው እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ትርፍ ጎማ ይኑር። ክሪኩን ለስላሳ አፈር ላይ የምታሳርፉበት ሰፊ ጣውላ ያዙ፤ ያለ ጣውላ ክሪኩ ራሱ እየሰመጠ መኪናው አይነሳም። ከገዋኔ እስከ አሚባራ መንገድ ዳር የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ እሾሁ ጎማ ይበሳል፤ ጥላ ፈልጋችሁ ከሥሩ መኪና አታቁሙ። ጥርጊያው ላይ ስትገቡ ከጎማው አየር ሩቡን ያህል ቀንሱ፣ ድንጋዩን ተለጥጦ ያልፋል። ወደ አስፋልት ስትመለሱ ግን ሳትሞሉ እንዳትፈጥኑ፤ የላላ ጎማ በፍጥነት ይግልና ይፈነዳል። የአየር መሙያ ፓምፕ ከሌላችሁ መቀነሱንም ተዉት።

ነዳጅ፦ የተጫነ ላንድክሩዘር በ100 ኪሎ ሜትር ከ13 እስከ 15 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል። ደርሶ መልስ 860፣ ፓርክ ውስጥ 200 ብትሉ ለአንድ መኪና ወደ 150 ሊትር ነው። ኮምቦልቻ ሞልታችሁ ውጡ፣ መንገድ ላይ ባገኛችሁበት ሁሉ ጨምሩ። «ፊት ለፊት አለ» በሚል አትለፉት።

ሲስተር ከፒያሳ

ውሃውና የአባትሽ ነገር ይለይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዋሽ 1,000 ሜትር አካባቢ። የደጋ ሰው በመጀመሪያው ቀን ላቡ ብዙ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ሰውነት ቆላውን የሚለምደው በቀናት ነው። ለመጠጥ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር፣ ለምግብና ለእጅ መታጠቢያ 3 ሊትር አስቡ። 8 ሰው፣ 8 ሊትር፣ 3 ቀን 192 ሊትር ይመጣል። 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው፤ ከዚህ ላይ ለመንገድ ብልሽት 2 ጀሪካን ጨምሩ። ክብደቱ ከ240 ኪሎ በላይ ነውና ጣሪያ ላይ አይጫን፤ ከባቲ ወደ ሚሌ በሚወርደው ጠመዝማዛ መኪናውን ያወዛውዘዋል። ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ይደርደር። ጥቂት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በፍሪዘር በረዶ አድርጋችሁ ብትይዙ ለምግቡ ማቀዝቀዣ፣ ሲቀልጥም ለመጠጥ ይሆናል። ሲሞሉ ጫፍ ድረስ አይሁን፣ በረዶው ሲሰፋ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል።

የፍል ውሃውን ውሃ «ካፈላነው ይጠጣል» እንዳትሉ። የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። ሻይም ሩዝም የሚበስለው በያዛችሁት ውሃ ነው።

ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ከመድኃኒት ቤት ያዙ። ካለቀ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ጨውን በግምት አትጨምሩ፤ ሲበዛ ይጎዳል።

አሁን አባታችን። ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል። ክኒኑም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ውሃ ውስጥ ደህና የነበረ ሰው ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልምና ይወድቃል። ሽንት የሚያሸና ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ፈሳሽ ቀድሞ ስለሚያንስ ይብሳል። ከጉዞው በፊት ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ክኒኑን ግን በራሳቸው አያቋርጡ። ሲገቡ ውሃው ከ40 ዲግሪ አይብለጥ፣ እስከ ወገብ ብቻ ተቀምጠው፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሲወጡ መጀመሪያ ዳር ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ከዚያ ክንዳቸውን ተይዘው ይነሱ። ለጉልበቱ አሥር ደቂቃ ጠዋት፣ አሥር ደቂቃ ማታ ከአንድ ሰዓት ዝፍዘፋ ይሻላል። በቡድኑ ውስጥ ስኳር ያለበት ካለ እግሩ ሙቀት በደንብ ላይሰማው ይችላል፤ ሌላ ሰው ሳይለካለት አይግባ።

ሙቀቱን በዓይን አታውቁትም። ጥርት ያለው ሰማያዊ ውሃ የሚያቃጥለውም ሊሆን ይችላል። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር በገመድ አስራችሁ ጣሉበት። 45 ዲግሪ ያማል፤ 60 ዲግሪ በ5 ሰከንድ ቆዳ ይልጣል። ቴርሞሜትር ከሌለ ክርናችሁን ንከሩ፣ አሥር እስክትቆጥሩ ካላስቻላችሁ አትግቡ። ጭንቅላት አይነከርም፣ ልጆችም አይጠልቁ፤ እንዲህ ባለ ሙቅ ውሃ ኔግሌሪያ የሚባል አሜባ ሊኖር ይችላል፣ በአፍንጫ ከገባ ወደ አንጎል ይሄዳል። እጅግ ብርቅ ነው፣ ግን ከያዘ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ወባም አለ። ሐኪም ለመከላከያ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን ክኒን ካዘዘ ከ1 ወይም 2 ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል፤ ሰው የሚያቋርጠው ቤቱ ሲገባ ነው፣ የሚታመመውም ያኔ ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ሳትሉ ደም አስመርምሩ፣ ቆላ መክረማችሁንም ተናገሩ።

ሳላ ፈላጊ

ሲስተር ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። ፍል ውሃው የመዋኛ ገንዳ አይደለም፤ ከወንዙ ጋር የሚገናኝ የዱር ቦታ ነው። ቀዝቀዝ ባሉት ኩሬዎች አዞ ይገባል። አዞው የሚሸሸው ትኩሱን ነው፤ ስለዚህ «ይኼኛው ለብ ይላል፣ ይመቻል» ብላችሁ የምትመርጡት ኩሬ አዞውም የሚመርጠው ሊሆን ይችላል። ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) እዚህ ግቡ ባለው ብቻ ግቡ። ለአባትሽ 40 ዲግሪ የሚሆነውንም ስካውቱ ያሳይሽ፣ ራሳችሁ እየዞራችሁ አትፈልጉት። ዳር ዳሩን ስትሄዱ በተርታ፣ የስካውቱን ዱካ እየረገጣችሁ፤ ሣር የሸፈነው መሬት ከሥሩ ትኩስ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ መሬትም ተሰንጥቋል። እንዲህ ባለ ቦታ የፍል ውሃ ሙቀትና መጠን ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ የድሮ ፎቶና የድሮ መረጃ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ደውሉ፦ ጥርጊያው ክፍት ነው? ፍል ውሃው ይገባል? አዳር ይፈቀዳል? የመግቢያ፣ የመኪና፣ የድንኳንና የስካውት ክፍያ የተለያየ ነው፤ ለሁሉም ደረሰኝ ተቀበሉ።

አዳሩን በተመለከተ ሦስቱንም ሌሊት ፍል ውሃው ጋ እንዳታደርጉት። ሳላ በብዛት የሚታየው ከአስፋልቱ ደቡብ ባለው ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ነው፤ ከሰሜን እየተመላለሳችሁ የጠዋቱን ሰዓት በጥርጊያ ትጨርሱታላችሁ። ሁለት ሌሊት በስተደቡብ በተፈቀደው የወንዝ ዳር ሰፈር፣ አንድ ሌሊት ፍል ውሃው ጋ። ፍል ውሃው ደስ የሚለው ንጋት ላይ ነው፣ አየሩ ቀዝቅዞ እንፋሎቱ ሲነሳ። እኩለ ቀን ላይ ከላይም ከታችም ሙቀት ነው፣ ለአባትሽ ጭራሽ አይሆንም።

ድንኳን፦ ከወንዙ ቢያንስ 50 ሜትር። የእንስሳ መውረጃ ዱካ ላይ አይተከል። ደረቅ አሸዋማ የወንዝ ሆድ ለጥ ያለና የሚጋብዝ ነው፣ ግን ደጋው ላይ ዘንቦ እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ይመጣል። ትልልቅ የሾላ ዛፎች ሥር ኩስና የተላጠ ፍሬ ካያችሁ የዝንጀሮ ማደሪያ ነውና ራቁ። ዘንባባ ሥርም አትትከሉ፣ ፍሬው ሲወድቅ ድንጋይ ነው።

ዝንጀሮ የድንኳን ዚፕ መክፈት አያቅተውም፤ ሽታ ካለ ደግሞ ይቀደዋል። ምግብ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ መስታወቱ ተዘግቶ ይደር። አንዲት ሙዝ አትወርውሩለት፤ የለመደ ዝንጀሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ይነክሳል። ጅብ ከውጭ የተተወ የቆዳ ጫማ ይዞ ይሄዳል፤ ጫማ ወደ ውስጥ፣ ጠዋትም ጊንጥ እንዳይኖር አራግፎ መልበስ። ሌሊት ሽንት ቤት ሁለት ሁለት ሆናችሁ በባትሪ ውጡ፣ ወደ ወንዙ ግን በጭራሽ። ውሃ ልቅዳ፣ ዕቃ ልጠብ ብሎ ማታ ወንዝ ዳር መውረድ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው።

እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው፤ ሲሊንደር ወይም ቡታጋዝ ያዙ። ከሰል ከያዛችሁ ቢበርዳችሁም ድንኳን ውስጥ አይግባ፣ ጋዙ የማይታይ ገዳይ ነው። እንጀራ ለሁለት ቀን ያህል ይዛችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት እንጂ በፌስታል አትቋጥሩት፣ በዚያ ሙቀት ላቡ ይሻግተዋል። ከዚያ በኋላ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ።

ለማየት ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከቀኑ 10 እስከ 12። ሳላ መኪናን ይታገሣል፣ ሰውን ግን አይታገሥም። ሞተር አጥፉ፣ በር አትክፈቱ፣ ድምፅ ዝቅ ይበል። ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር ምልክት ካያችሁ እሱ ነው። አብሮት የሚግጠው ቀላ ያለው የሜዳ ፍየል ነው። አምባራይሌን (ትንሹን ኩዱ) ሜዳ ላይ አትፈልጉት፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ነጫጭ ሰንበሩ ብቻ ይታያል፣ ከተንቀሳቀሰ ሄደ። 8×42 የርቀት መነጽር (8 ጊዜ የሚያጎላ) ይበቃል፤ ከዚያ የሚበልጥ በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል።

የጨፋ ወፍ

ከመሄዳችሁ በፊት አባትሽን ሐርቡ ፍል ውሃ ውሰጃቸው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ መንገድ ነው፣ በአንድ ቀን ይመለሳል። አሥር ደቂቃ ተቀምጠው ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ቤታችሁ አጠገብ ሆናችሁ ታውቁታላችሁ። እግረ መንገዳችሁን የጨፋን ረግረግ እዩ፤ ለወፍ ጥሩ ነው፣ መነጽሩንም ትለማመዱበታላችሁ።

የሆጤዋ

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ሀይሉክስ እናደርጋለን፣ ሐርቡንም አስቀድመን እንሞክራለን። አንድ የቀረኝ፦ 12ቱን ጀሪካን በሁለቱ መኪና እኩል እንከፋፍለው ወይስ አንዱ ውሃ ሌላው ምግብ ይያዝ?

የባቲ መስመር

እኩል ክፈሉት፣ ምግቡንም፣ መድኃኒቱንም። አንዱ መኪና ቢቀር ሌላው ብቻውን ሰዉን ሁሉ የሚያቆይ መሆን አለበት። ጀሪካኖቹን በገመድ እርስ በርስ እሰሯቸው፣ ክዳናቸው ሥር የላስቲክ ቁራጭ አድርጉ፤ ጥርጊያው ላይ ክዳን ራሱ ይፈታል። ነዳጅ የተያዘበት ጀሪካን በቀለም ምልክት ይደረግበት፣ ከውሃው ጎንም አይቀመጥ።