መርዶውን ፌስቡክ ቀድሞን እንዳይነግራት ምን እናድርግ?

የወሎዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ አስቸኳይ ነው፤ የደረሰባችሁ ወይም ያያችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የቅርብ ጓደኛዬ እናት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ነው። እሷ እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ ቀን ተኝታ ስለዋለች እስካሁን አልሰማችም። ወንድሟ የደወለው ለእኔ ነው። «ብቻዋን እንዳትሰማ፤ ሰው ሰብስባችሁ በወጉ አርዷት» አለኝ። ነገ ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ቤቷ ሆነን ልንጠብቃት ተነጋግረናል። ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ የንስሐ አባቷ፣ አብራት የምትኖረው ልጅና እኔ። ምግቡንም ተከፋፍለን እየሠራን ነው።

የሚያስፈራኝ ስልኳ ነው። የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ዛሬ አዳሪ ናት። ሥራ ላይ ስልክ መያዝ አይፈቀድም፤ ሎከር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማታ 11 ሰዓት ላይ ግን፣ በአሜሪካው አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እረፍት አላት። ያኔ ደሴ ላይ ገና ጎህ መቅደዱ ነው። እናቷ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ በቴሌግራም ድምፃቸውን ይልኩላታል። እኔም አብሬያት ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ዳገቱን ሲወጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፤ «እንዴት አመሸሽ የኔ ልጅ፣ በላሽ ወይ?» ይላሉ። እሷ እረፍት ወጥታ መጀመሪያ የምትከፍተው ያንን ነው። ዛሬ ያ ድምፅ አይመጣም። ካልመጣ ደግሞ ፌስቡክ ትገባለች።

ፌስቡክ ላይ አንድ ዘመዷ የእናቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎበት ነበር። ጽፌለት አነሳው። ግን ስንቱን ተከታትዬ እችለዋለሁ? የሰፈራቸው የቴሌግራም ግሩፕም አለ፤ እሷም አባል ናት።

ሥራ ቦታዋ ልደውል? ወይስ እንደምንም እስኪነጋ እንጠብቅ? በስልክ ንገሯት የሚሉኝ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ሎከር ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማ የእናቷን ሞት መስማት የለባትም።

ናቲ ዴንቨር

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ነገር መጣብኝና ትንሽ ልከራከርሽ ነው።

አባቴ የሞተ ጊዜ የተረዳሁት በማግስቱ ነው። ከተማው ያለ ሐበሻ ሁሉ አውቆ ነበር። ሥራ ቦታ ሆኜ ስሥቅ ስጫወት እነሱ ማን ይግባ፣ ማን ይናገር እያሉ በስልክ ይመካከራሉ። በነጋታው ሊነጋ ሲል በሬን አንኳኩ። ባይመጡ ኖሮ እንዴት እንደምቆም አላውቅም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ግን በተረዳሁበት ሰዓት አባቴ ተቀብሮ ነበር።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ቀጥታው በረራ 13 ሰዓት ገደማ ነው። አስከሬን ሆስፒታል ማቆየት ይቻላል። «ትደርስ እንደሆነ እንጠብቅህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ። መርዶን በጠዋት ማርዳት ድሮ ልጅ ከቀብር የሚያስቀር ነገር አልነበረም፤ ሩቅ ያለው ቢሰማም አይደርስማ። አሁን ይደርሳል።

ስለዚህ እስኪነጋ አትጠብቁ። ለወንድሟ አሁኑኑ ደውለሽ ቀብሩ በአንድ ቀን ይገፋ እንደሆነ ጠይቂው። እሺ ካለ ዛሬ ማታ ሥራ ቦታዋ ሂዱና አምጧት።

ጸሐፊው (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለኪዳን ስነሳ ነው ጽሑፍሽን ያየሁት።

እኔ ኮልፌ የእድር ጸሐፊ ነኝ። ቀድሞ ለቅሶ ሲኖር ጥሩምባ ነፊያችን ነበር ሰፈሩን የሚዞረው። ድምፁ እስከ ሰፈሩ ዳር ነው፤ ሩቅ አገር ያለ ልጅ ሰው እስኪላክበት ምንም አይሰማም። ኋላ ወጣቶቹ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱልን። ለስብሰባም፣ ለወር መዋጮም ደግ ነገር ነው። ለሞት ግን አልሆነንም። አንዲት አባላችን ባሏ ባረፈ ጊዜ ግሩፑ ላይ ጻፍነው፤ እናቱ ቤት ለቅሶው ሳይጀመር ልጁ ከጀርመን እየጮኸ ደወለ።

ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር ልጅ ያለው ቤት ከሆነ ግሩፕ ላይ አንጽፍም። ጥሩምባውን እናስነፋለን። ከሰፈር ለራቀው አባል እንደውላለን። ፎቶም ሆነ ስም የሚወጣው ቤተሰቡ «ልጆቹ ሁሉ ተረድተዋል» ሲለን ነው።

አንቺ ለየአንዳንዱ ሰው አትጻፊ፤ አትዘልቂውም። የግሩፑን ኃላፊ ወንድሟ ራሱ ይደውልለት። ከሐዘንተኛ አፍ ሲሰማ እንቢ የሚል የለም።

ሀያት ከሪያድ

ኢና ሊላሂ። አላህ ለቤተሰቡ ሰብሩን ይስጣቸው።

እህቴ፣ በስልክ አይሆንም ላልሽው ግን አንድ ነገር ልበልሽ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እናቴ ስትሞት በጠዋት መጥቶ በር የሚያንኳኳ ሰው ሊኖረኝ አይችልም። ቢመጣስ ማን ያስገባዋል? የአገሬ ልጅ በኢሞ ደወለችልኝ። «ሥራ ጨርሰሻል? በሩን ዝጊና ቁጭ በይ» አለች። ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ አስገባቻቸው። ከጅዳ፣ ከደማም፣ አንዷም ከኩዌት። ሁሉም ነጠላ ተከናንበዋል። ሳያዋሩኝ ነው የገባኝ።

አብረውኝ አለቀሱ። እኔ ድምፄ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ ነበር፤ እነሱ ግን የእኔንም ጮኹልኝ። እስከ ሱብሂ ማንም አልዘጋም። አንዷ እንቅልፍ ወስዷት ስታንኮራፋ ይሰማኝ ነበር፤ እሱ ራሱ ደግፎኝ ነው ያደርኩት።

እናንተ መኪና አላችሁ፣ መንገዱም ቅርብ ነው። ሂዱ። ግን ሳትደርሱ እረፍት ከወጣች ዝም ብላችሁ አትተዋት፤ ደውሉና ከመስመሩ አትውጡ።

የወሎዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ወንድሟ ጋ ደወልኩ። የግሩፑን ኃላፊ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ አናገረው፤ የተጻፈው ሁሉ ተነሣ። ስለ ቀብሩም ጠየቅሁት። «ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም» አለኝ። ሽማግሌዎቹን አማክሮ ለሐሙስ ከሰዓት አዛወረው።

ሥራ ቦታዋም ደወልኩ። የማታዋ ኃላፊ ፊሊፒናዊት ናት። «እናቷ?» ብቻ ነው ያለችኝ። እስክንደርስ እረፍቷን አዘገየችልን፤ አንዲት ባዶ ክፍልም ከፈተችልን። ትልልቆቹ ሴቶች ቀድመው ገቡ። ጓደኛዬ ነጠላቸውን አይታ «እማዬ ናት አይደል?» አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ይዘናት ነበር፤ መሬት አልወደቀችም።

ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ስላላት የቪዛ ጣጣ የለባትም። ዛሬ ጠዋት ተሳፍራለች። ነገ አዲስ አበባ ገብታ በኮምቦልቻ በረራ ትቀጥላለች።

አንድ ነገር ግን ቀርቶናል። የጓደኛዬና የወንድሟ ታናሽ እህት ዱባይ ሰው ቤት ናት፤ ገና አልተረዳችም። እባካችሁ የምታውቁን ሰዎች እስከ ነገ ፌስቡክ ላይ ምንም አትለጥፉ። ጓደኛዬንም ታግ አታድርጓት።

ሀያት ከሪያድ

ዱባይ የት አካባቢ ናት? ዴራ ልጆች አሉን፤ ሰው ቤት የማያድሩም አሉ። ቁጥሯን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ማታ ስንት ሰዓት ከሥራ እንደምትነሣም ጠይቂልኝ፤ ያኔ እንሰበሰብላታለን።