የኦርጋኑ ጥገና፦ የድጋፍ ጥያቄው ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ የማኅበራችንን ኦርጋን ለማስጠገን የምንልከው የድጋፍ ጥያቄ ረቂቅ ይኸው። ለአዲስ አበባ አባላት እስከ ጥቅምት 30 መላክ አለበት። ሞተር 18,000 ብር፣ ትራንስፎርመር 6,500፣ ባለሙያ 7,000፣ የፊት ጨርቅ 1,800፣ መጓጓዣ 3,500። ድምር 36,800። አስተያየት ያለው ዛሬውኑ ይጻፍ፣ በኋላ አልሰማሁም እንዳይባል።

ኤሌክትሪሺያን (ደብረ ሲና)፦ ሞተር የሚለውን አውጡት። የኦርጋኑን ጀርባ ከፍቼ አይቻለሁ። ድምፁን የሚበትነው ከበሮ ፈጣኑ ላይ ሲደረግ ይዞራል፤ ዘገምተኛው ላይ ሲደረግ ያጉረመርማል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ሞተሮቹ ሁለት ናቸው። የዘገምተኛው ዘንግ መብራት ሲያገኝ ይሳብና በጎማ ቀለበት በኩል የፈጣኑን ዘንግ ያዞራል። ቀለበቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ይንሸራተታል። ከበሮውን የሚያዞረው ቺንጋም (ቀበቶው) ላልቷል። ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ ላይ ያለው አሮጌ ዘይት ሙጫ ሆኗል፤ በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ደግሞ ይብስበታል። ማጽዳት፣ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ። ግሪስ እንዳታስነኩት።

ሒሳብ ሹም፦ የጨርቁ 1,800 ከየት መጣ? ያለው ቡናማ ጨርቅ ምን ሆነ?

ጸሐፊ፦ ታችኛው ጥግ አይጥ በልቶታል።

ድምፃዊው፦ ጨርቅ ከተነሳ የመንዝ ዝተት ይልበስ። የሰሜን ሸዋ ማኅበር መሆናችን በምን ይታወቃል?

ኤሌክትሪሺያን (ደብረ ሲና)፦ ጋሼ፣ ዝተት ወፍራም ሱፍ ነው፣ ቀጭኑን ድምፅ ያፍነዋል። እዚያ የሚገባው ስስ፣ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው።

ድምፃዊው፦ ስፒከሩ ራሱ እየዞረ ድምፁን የሚበትን ከሆነ ጨርቅ ምን ያግደዋል?

ኦርጋን ተጫዋች፦ ስፒከሩ አይዞርም። ስፒከሩ ቆሞ፣ ከሥሩ ያለው ነጭ የፎም ከበሮ ነው የሚዞረው። አፉ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይጎላል፣ ሲዞር ይርቃል። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ዶናልድ ሌስሊ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሠራው ይህንኑ ነው። ዘገምተኛው በደቂቃ 40 ዙር ገደማ፣ ፈጣኑ 400 ገደማ። ለትዝታ የምንፈልገው ዘገምተኛውን ነው፣ እሱ ነው የጠፋው። እባካችሁ ስለ እሱ እንነጋገር።

ከመሐል ሜዳ፦ ዝተትን ያቃለለ ሰው እዚህ አለ? እናቶቻችን የፈተሉት ነው።

ሒሳብ ሹም፦ ያቃለለ የለም። ዋጋው ስንት ነው?

ከመሐል ሜዳ፦ እኔ በነፃ አመጣለሁ። ያኔ 1,800ው ይሰረዝ።

የአንኮበሩ፦ ጥለት ያለው ሸማ ይሻላል። ስስም ነው፣ ያምራልም።

ከመሐል ሜዳ፦ የአንኮበር ሰው መቼ ነው የመንዝን ነገር የወደደው?

የአንኮበሩ፦ አፍህን ሰብስብ። ያ ኦርጋን ከመኪና ሲወርድ ትከሻችንን የሰጠን እኛ ነን። የእናንተ ሰው አንድም አልነበረም።

ድምፃዊው፦ ኧረ ተዉ! የአንድ አገር ልጆች ናችሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ እሺ፣ ትከሻ የተባለው እውነት ነው። ዝተቱን ግን አልተውም።

ሰብሳቢ፦ ትራንስፎርመሩ ለምንድነው? መብራታችን 220 ነው፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ ይሠራበታል።

ኤሌክትሪሺያን (ደብረ ሲና)፦ ኦርጋኑ ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ነው፣ 117 ቮልት ይላል። በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። አሁን ያለው ትራንስፎርመር ይበቃል፣ አዲስ አትግዙ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ የእኛን 50 ኸርዝ 60 አያደርገውም። የሞተሩ ፍጥነት ደግሞ ኸርዙን ነው የሚከተለው። ስለዚህ ከበሮው ሁልጊዜ ከአሜሪካው ባንድ ስድስተኛ ይዘገያል፣ ፈጣኑ 400 መሆኑ ቀርቶ ወደ 330 ይወርዳል። ዜማው አይነካም፣ ይህ ባለ ትራንዚስተር ነው። ድምፁን በሚዞሩ ጥርስ ጎማዎች የሚያወጣው የድሮው ሐሞንድ ኦርጋን ቢሆን ኖሮ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርድ ነበር። የምፈልገው የቺንጋውን ርዝመት ብቻ ነው። ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃና ከበሮውን በክር ከብቦ የሚለካ ሰው ስጡኝ። ፎሙ ይፈረፈራል፣ በጣት እንዳይጫን።

የጠባሴው ልጅ፦ እኔ ነገ እለካለሁ። ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ሰብሳቢ፦ ጥበቃው ጋ።

ኦርጋን ተጫዋች፦ ተለካ?

ኦርጋን ተጫዋች፦ የጠባሴው፣ ክሩን ለካህ ወይ? ስልክህም አይነሳም።

የአንኮበሩ፦ ሸማው ከነጥለቱ 2,200 ተብሏል።

ከመሐል ሜዳ፦ ሸማው ለኦርጋኑ ፊት፣ ዝተቱ ደግሞ ሳይጫወት ለላይ ሽፋን ይሁን። አቧራና ብርድ ይከላከላል።

የአንኮበሩ፦ ይሄ ያስማማል።

ኤሌክትሪሺያን (ደብረ ሲና)፦ ሽፋኑ ሲጫወት ይነሳ፣ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። እኔ ከነገ ጀምሮ ሸዋ ሮቢት ሥራ ላይ ነኝ። ልኩን ስታገኙ ጻፉልኝ።

ድምፃዊው፦ ኦርጋኑ ሸማና ዝተት ከለበሰ የመድረኩ መጋረጃ አሮጌ ሆኖ አብሮ አይሄድም።

ሰብሳቢ፦ ልክ ነው። ሞተሩና ትራንስፎርመሩ ከወጡ 24,500 ይተርፋል። መጋረጃ ይግባበት።

ኦርጋን ተጫዋች፦ ተርፎ ሳይሆን ተቀንሶ ነው! የተነሳነው ከበሮውን ለማዞር ነው። የጎማ ቀለበትና ቺንጋ በራሳቸው መስመር ይጻፉ።

ጸሐፊ፦ «ባለሙያ» በሚለው 7,000 ውስጥ ይካተታሉ። የተሻሻለው፦ መጋረጃ 24,100፣ ባለሙያ 7,000፣ ሸማ 2,200፣ መጓጓዣ 3,500። ድምሩ ያው 36,800። ርዕሱ «የመድረክ ዕድሳት» ተብሏል።

ኦርጋን ተጫዋች፦ ርዕሱ ላይ ኦርጋን የሚል ቃል ከሌለ እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ «የመድረክና የኦርጋን ዕድሳት»።

ኦርጋን ተጫዋች፦ ኦርጋን ይቅደም።

ሒሳብ ሹም፦ ይቅደም። የመጋረጃው ፕሮፎርማ ከሦስት ሱቅ ይምጣ፣ ያለዚያ ማኅተም አላሳርፍም። የቺንጋውን ልክ የያዘ ሰው አለ?

ከመሐል ሜዳ፦ የመጋረጃው ቀለም ምን ይሁን?