የ9 ወር ደመወዝ ለ12 ወር፦ ቴክሳስ ፒኤችዲ ለምትጀምር ተማሪ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ

የጣና_ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ቴክሳስ ገብቼ ፒኤችዲ እጀምራለሁ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ከዳላስ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ትርቃለች። የማስተማር ረዳትነት (ቲኤ) ተሰጥቶኛል። ደብዳቤው «24,000 ዶላር፣ የ9 ወር ቅጥር፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31» ይላል። የትምህርቱ ክፍያ ተነስቶልኛል፣ የጤና ኢንሹራንሱንም ዩኒቨርሲቲው ይሸፍናል። «ፊ» የሚሉት (ከትምህርቱ ክፍያ ሌላ የሚጠየቅ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ) ግን በየሴሚስተሩ 700 ዶላር ገደማ በራሴ ነው። ከካምፓስ ውጭ ለሁለት በምንከራየው ቤት የእኔ ድርሻ በወር 700 ዶላር ነው።

ስነሳ ስንት ይዤ ልምጣ? በወር ስንት ብጠቀም ያዋጣኛል? ለቤተሰብ በወር 200 ዶላር መላክስ እችላለሁ? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ሂሳብ_አዋቂ

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚጨነቀው ሁለት ጊዜ ነው፤ ደመወዙ እስኪጀምርና ደመወዙ ሲቆም። ስለዚህ በጀቱን ከካላንደሩ ጋር አያይዘሽ ሥሪው።

መጀመሪያ ታክሱ። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የገባ ሰው እስከ አምስት የካላንደር ዓመት ድረስ ለታክስ ሲባል «ነዋሪ ያልሆነ» ተብሎ ይቆጠራል። ኦገስት ላይ ብትገቢም ያ ዓመት እንደ ሙሉ አንድ ዓመት ይያዛል። በዚህ የተነሳ ሌላው ሠራተኛ የሚያገኘው ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ከገቢ ላይ ታክስ የማይነካው መጠን) የለሽም። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላት በዚያ በኩልም የሚቀነስልሽ ነገር የለም። በ2025 ስሌት ከመጀመሪያው 11,925 ዶላር 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው 12 በመቶ ይቆረጣል። ለ24,000 ሲሰላ 2,640 ዶላር ያህል ይመጣል። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ታክስ የላትም፣ ያ ትልቅ እፎይታ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮ) 7.65 በመቶም አንቺን አይነካሽም።

ስለዚህ የዓመቱ ንጹሕ ገቢሽ 21,360 ነው። የሁለት ሴሚስተር ፊ 1,400 ሲወጣለት 19,960 ይቀራል። ለ12 ሲካፈል በወር 1,660 ዶላር ገደማ ነው፤ የምትኖሪበት ቁጥር ይኸ ነው።

አሁን አደጋው የት እንዳለ ልንገርሽ። ገንዘቡ የሚገባው በ9 ወር ስለሆነ ባንክ ውስጥ በየወሩ የምታዪው 2,370 ያህል ነው። ይህን ያየ ሰው ሰባት መቶ ዶላር የተረፈው ይመስለዋል። ትርፍ አይደለም። ከእያንዳንዱ ክፍያ 155 ዶላር ለፊ፣ 555 ዶላር ለክረምት ወዲያው ሌላ ሂሳብ ውስጥ ይግባ። 555 በዘጠኝ ሲባዛ 4,995 ይሆናል፣ ደመወዝ የሌለባቸውን ሦስት ወራት በ1,660 ሂሳብ የሚያኖርሽ እሱ ነው። ባንኩ ደመወዝ በገባ ማግስት በራሱ እንዲያዛውር አድርጊው፣ በእጅ አዛውራለሁ ማለት አይሠራም።

1,660ው እንዲህ ቢከፋፈል ይበቃል፦ ቤት 700፣ መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔት 90፣ ስልክ 25፣ ምግብ 280፣ ትራንስፖርት 30፣ ሳሙናና የቤት ዕቃ 40፣ የተከራይ ኢንሹራንስ 15፣ ለሕክምና ድርሻ 40፣ ልብስና ልዩ ልዩ 80። ድምሩ 1,300 ነው። 200 ብትልኪ 160 ይተርፍሻል፣ እሱም ለድንገተኛ ነው። መብራቱ 90 ውስጥ የሚገባው ዓመቱን በአማካይ ስታዪው ነው እንጂ ጁላይና ኦገስት ኤሲ ቀን ከሌት ስለሚሠራ በእጥፍ ሊመጣ ይችላል።

መላኩን በተመለከተ፣ ትችያለሽ፣ ግን እስከ ጃንዋሪ አትጀምሪ። ለቤተሰብም ከመነሳትሽ በፊት ንገሪያቸው። አንዴ ከተጀመረ በኋላ መቀነስ ከሁሉ ይከብዳል።

ዳላስ_ሰፈር

ከላይ ያለው ሂሳብ ትክክል ነው። እኔ የመነሻውን ልጨምር፣ ብዙ ሰው ተቸግሮ ብድር የሚገባው እዚያ ላይ ነውና።

የቴክሳስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ባብዛኛው የወሩን ደመወዝ የሚከፍሉት በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው። ቅጥርሽ ሴፕቴምበር 1 ከጀመረ የመጀመሪያው ገንዘብ ኦክቶበር 1 አካባቢ ይገባል ማለት ነው። የመጨረሻው ደግሞ ጁን 1። ስለዚህ «ክረምት» ስንል ጁላይ፣ ኦገስት እና ሴፕቴምበር ነው፤ ትምህርት ተጀምሮም አንድ ወር ያለ ደመወዝ ትቆያለሽ። ለማንኛውም ለዲፓርትመንቱ ጸሐፊ «የመጀመሪያው ክፍያ በየትኛው ቀን ይገባል?» ብለሽ አሁኑኑ በኢሜይል ጠይቂ። መልሱ በጽሑፍ ይኑርሽ።

ስለዚህ ይዘሽ የምትመጪው፦ ለቤቱ ዲፖዚት (ማስያዣ) 700፣ የኦገስት ኪራይ 700፣ የሴፕቴምበር 700፣ የኦክቶበርም 700። የኦክቶበርን ኪራይ ደመወዙ በሚገባበት ቀን ላይ አትጣዪው። ክፍያው በጥቂት ቀናት ቢዘገይ አከራዩ የመዘግየት ቅጣት ሊጨምር ይችላል። ፍራሽ፣ አንሶላ፣ ድስትና ሳህን 250፤ ዘጠኝ ሳምንት ምግብ በ70 ሂሳብ 630፤ ስልክ፣ ኢንተርኔትና የመብራት ማስያዣ 200፤ የፊ የመጀመሪያ ግማሽ 350። ድምር 4,230። ከዚህ በታች ይዞ መምጣት ያስጨንቃል። ፊውን ባንድ ጊዜ አትክፈዪ፣ የዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ቢሮ ከፋፍሎ የመክፈል አሠራር ይኖረዋል። ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ቢኖረውም ኦገስት ላይ ጥሬ ገንዘብ በእጅ ማቆየት ይሻላል።

ቤቱን በተመለከተ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ውሉ የጋራ ነው ወይስ በየክፍሉ ለየብቻ? የጋራ ከሆነ አብራሽ ያለችው ጥላ ብትሄድ አከራዩ 1,400ውን በሙሉ ከአንቺ መጠየቅ ይችላል። ለተማሪ በየክፍሉ የተለየ ውል በጥቂት ቢወደድም ያዋጣል። ሁለተኛ፣ የክሬዲት (የብድር አከፋፈል) ታሪክ ስለሌለሽ እጥፍ ዲፖዚት ወይም ዋስ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። የቅጥር ደብዳቤሽንና አይ-20ው (ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጥሽ ሰነድ) ላይ የገንዘብ ምንጭ የተጻፈበትን ገጽ አሳዪና ተደራደሪ፣ ብዙዎች ይቀበላሉ። የዩኒቨርሲቲው መኖሪያ ክፍት ቦታ ካለው ክሬዲት አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ ቤቱን በዓይኑ ያየ ሰው ሳይኖር ገንዘብ ከአገር ቤት አትላኪ። ፎቶ ከሌላ ማስታወቂያ ወስደው ዲፖዚት የሚቀበሉ አጭበርባሪዎች ኦገስት ላይ ይበዛሉ። የዩኒቨርሲቲው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቡድን ካለ አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ሄዶ ቢያይልሽ በቂ ነው።

የገባሽ ቀን ግድግዳውን፣ ምንጣፉን፣ የምድጃውን ውስጥ ሳይቀር ፎቶ አንሺና ለአከራዩ በኢሜይል ላኪ። የቴክሳስ ሕግ ከወጣሽ በ30 ቀን ውስጥ ዲፖዚትሽ እንዲመለስ ወይም የተቀነሰው ተዘርዝሮ እንዲሰጥሽ ያዛል። አከራዩ ግን ይህን የሚገደደው አዲሱን አድራሻሽን በጽሑፍ ከሰጠሽው ነው። አድራሻ ሳይሰጡ «ዲፖዚቴን ከለከለኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው።

አይሃያ

የወረቀቱን ነገር ልጨምር፣ ገንዘቡ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በእሱ ነውና።

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለማውጣት ከዲፓርትመንቱ የቅጥር ደብዳቤ፣ ከዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሌላ ደብዳቤ፣ ፓስፖርት፣ አይ-20 እና አይ-94 (አሜሪካ የገባሽበት መዝገብ) ትይዢያለሽ። በገባሽ ማግስት አትሂጂ፣ መረጃሽ በሥርዓቱ ውስጥ ስላልደረሰ ይመልሱሻል። ወደ አሥር ቀን ጠብቂ፣ ቢሮውም የአይ-20 ምዝገባሽን ያጽድቅ። ካርዱ በፖስታ ስለሚመጣ የቤትሽን አድራሻና የፖስታ ሳጥኑን ቁጥር በትክክል ስጪ። ባንክ ለመክፈት ቁጥሩን መጠበቅ የለብሽም። ፓስፖርትና አይ-20 የሚበቃቸው ባንኮች ካምፓስ አካባቢ አሉ።

ደብልዩ-4 (ስንት ታክስ እንዲቆረጥ ለአሠሪው የሚሰጥ ፎርም) ስትሞዪ «ነዋሪ ያልሆነ» የሚለውን መመሪያ ተከተዪ። የመጀመሪያው የደመወዝ ዝርዝር ሲወጣ ሶሻል ሴኩሪቲ ወይም ሜዲኬር ተቆርጦ ከሆነ በዚያው ሳምንት ለደመወዝ ክፍሉ አመልክቺ። እነሱ ካስተካከሉት ቶሎ ይመለሳል፣ ካላስተካከሉት በፎርም 843 ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ይኖርብሻል፣ እሱ ወራት ይፈጃል።

ኤፕሪል 15 ሳይደርስ 1040-ኤንአር (ነዋሪ ያልሆነ ሰው ዓመታዊ የታክስ ፎርም) እና ፎርም 8843 («ነዋሪ ያልሆነ» ተማሪ መሆንሽን የሚያሳውቅ) ታስገቢያለሽ። በመጀመሪያው ዓመት የሚደርሱሽ የኦክቶበር፣ የኖቬምበርና የዲሴምበር ክፍያዎች ብቻ ስለሆኑ ገቢሽ ወደ 8,000 ዶላር ይሆናል። ሁሉም በ10 በመቶ ስለሚታክስ ወደ መቶ ዶላር ተመላሽ ሊኖርሽ ይችላል። ቱርቦታክስ የሚባለው የታክስ መሙያ ፕሮግራም ለዚህ ፎርም አይሠራም። ጓደኛሽ በእሱ ሞልቶ ብዙ ሪፈንድ አገኘሁ ቢልሽ አትከተዪው፣ የማይገባውን ስታንዳርድ ዲዳክሽን ወስዷል፣ አንድ ቀን ከነወለዱ ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ ስፕሪንታክስን (ነዋሪ ላልሆኑ የሚሆን የታክስ መሙያ ፕሮግራም) በነጻ ወይም በቅናሽ ይሰጣሉ።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ገንዘብ ሲያጥር የምግብ ማድረስ ወይም የኡበር ሥራ እንዳያታልልሽ። ኤፍ-1 ላይ በትምህርት ወቅት የሚፈቀደው በካምፓስ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፣ ሙሉ ቲኤ ደግሞ 20ውን ራሱ ይሞላል። ከዚያ ውጭ መሥራት ቪዛውን ያበላሻል። ለክረምት ግን በካምፓስ ውስጥ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይቻላል። የክረምት ምርምር ገንዘብ ካለ አማካሪሽን ፌብሩዋሪ ላይ ጠይቂ፣ ሜይ ላይ ሲጠየቅ በጀቱ ተከፋፍሎ አልቋል።

የጣና_ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ሁለት ነገር ላስቸግራችሁ። ምግብ በ280 እውነት ይበቃል? ከአገር ቤትስ ምን ልያዝ? ምጣድ ልገዛ አስቤ ነበር። ዳላስ ያሉ ዘመዶች ደግሞ እቁብ ግቢ እያሉኝ ነው።

ዳላስ_ሰፈር

ምጣዱን ተዪው። የእኛ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው፣ እዚህ ሶኬቱ 120 ነው። ቢሰካም ከሲሶ በታች ኃይል ብቻ ስለሚያገኝ እንጀራ አይጋግርም። ለአንድ ሰው እንጀራ ከዳላስ መግዛት ይቀላል። ሰው ሲመጣ በርከት አድርገሽ አስመጪ፣ ሁለት ሁለት አድርገሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪዘር አስገቢ። ስትፈልጊ ከላስቲኩ ሳታወጪ ይቅለጥ፣ ከፍተሽ ካቀለጥሽው ጠርዙ ይደርቃል።

በ280 ይበቃል፣ በቤት ከተበሰለ። ምስርና ክክ ከሕንድ ሱቅ በ10 ፓውንድ (4.5 ኪሎ) ከረጢት ይገዛል፣ ከሱፐርማርኬቱ ትንሽ ፓኬት በጣም ይረክሳል። ዶሮ ሲሆን የእግሩን ብልት በትልቁ ከረጢት ከዋልማርት ወይም ከኤች-ኢ-ቢ ውሰጂ። ያልበሰለ ምግብ ላይ የሽያጭ ታክስ የለም፤ የበሰለ ምግብና የቤት ዕቃ ላይ እስከ 8.25 በመቶ ይጨመራል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዋጋ ውስጥ ግን አይታይም። በጀቱን የሚያፈርሰው ምሳ ነው። ካምፓስ ውስጥ በቀን 12 ዶላር ምሳ፣ በወር 20 ቀን፣ 240 ዶላር ነው። ዲፓርትመንቶች ማይክሮዌቭ አላቸው፣ ምሳ ቋጥሮ መሄድ ነውር አይደለም።

ከቤት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅመማ ቅመምና የተቆላ ቡና ያዢ፤ በደንብ ታሽጎ፣ ምን እንደሆነ ተጽፎበት። ኤርፖርት ላይ ምግብ መያዝሽን አስመዝግቢ፣ አለማስመዝገብ ያስቀጣል። ቋንጣና ማንኛውም ሥጋ አይገባም። ጥርስሽን አሳክመሽ፣ መነጽር ካለሽ ሁለተኛ አሠርተሽ ነይ፤ የተማሪ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ጥርስንና ዓይንን አይሸፍንም። የክትባት ካርድሽንም በእንግሊዝኛ አሠርተሽ ያዢ፣ ካልሆነ እዚህ በድጋሚ ትከተቢያለሽ።

ሂሳብ_አዋቂ

እቁቡን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዓመት የ12 ወር እቁብ አትግቢ። ጁላይ ላይ ደመወዝ ሲቆም መክፈል ያቅትሽና በዘመድ ፊት ትጨነቂያለሽ። ከኦክቶበር እስከ ጁን የሚያልቅ የዘጠኝ ሰው እቁብ ካለና ሰብሳቢው የመጨረሻውን ዕጣ ሊሰጥሽ ከተስማማ ግን 555ው እዚያ ይግባ፤ ገንዘቡ ልክ ጁን ላይ በእጅሽ ይሆናል። በኖቬምበር ከደረሰሽ ግን ያው ወዲያው የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ መቆለፍ አለበት።