ፕሮክሲ ተጠቅሞ የሚገባን ሰው እንዴት ልለየው?

ጀማሪው፦
ሰላም ጓዶች። ድረ ገጼ ላይ ድምፅ መስጫ አለኝ። በአንድ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) አንድ ድምፅ ብቻ እንዲቆጠር አድርጌ ነው የሰራሁት። አንዱ ብልጥ ግን ፕሮክሲ (በመሃል ሆኖ የራስን አይፒ የሚሸፍን ሰርቨር) እየቀያየረ ሌሊቱን ሙሉ ሲመርጥ አደረ። ተናደድኩና በፒኤችፒ «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር» የሚባለው ሄደር (ጥያቄው በመሃል ሰርቨር ሲያልፍ የጎብኚውን አይፒ የሚናገር መስመር) ከመጣ ገጹ እንዳይከፈት አደረግኩ። አሁን ሰው ሁሉ «አልከፍት አለኝ» እያለ ይጮሃል፣ ያ ሰውዬ ግን ዛሬም እየመረጠ ነው። ምን እየሆነ ነው?

ሽቦ፦
ድረ ገጽህ ከሲዲኤን (ገጽህን ለጎብኚው የሚያደርሱ የመሃል ሰርቨሮች) ወይም ከሎድ ባላንሰር (ጎብኚዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍል) ጀርባ ነው አይደል? ከሆነ ያንን ሄደር የሚለጥፈው የራስህ ሲዲኤን ነው። ለሁሉም ጎብኚ! በገዛ እጅህ በርህን ዘግተሃል ሃሃ።

ሰውየው ለምን አመለጠ ካልክ፣ እሱም ያለው ከዚያው ሲዲኤን ጀርባ ስለሆነ ሄደሩ መኖር ነበረበት፤ ድምፁን የሚቀበለው ፋይል ላይ ፍተሻውን ረስተኸው እንዳይሆን እይ። ደግሞ ሄደሩን ማንም ሊያስመስለው ይችላል፣ በከርል (ጥያቄ በትእዛዝ የሚልክ ፕሮግራም) አንድ መስመር ጽፎ ያሻውን አይፒ ይልክልሃል። ስም የሚደብቁት ፕሮክሲዎች ደግሞ ጭራሽ አይልኩትም። ኤችቲቲፒኤስ ላይማ ተራ ፕሮክሲ ቢፈልግም አይችልም፤ «ኮኔክት» በሚለው ትእዛዝ መስመር ይከፍትና የተመሰጠረውን እንዳለ ያሳልፋል እንጂ ውስጡ ገብቶ የሚጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ ሲዲኤኑ ራሱ የሚነግርህን የጎብኚ አይፒ ብቻ እመን፣ እሱንም ጥያቄው በእርግጥ ከሲዲኤኑ አይፒዎች ከመጣ ነው።

አሮጌ_ሰርቨር፦
ድሮ እኛ ወደ ጎብኚው ተመልሰን ፕሮክሲዎች የሚጠቀሙባቸው 3128፣ 8080 እና 1080 ፖርቶች ክፍት መሆናቸውን እናይ ነበር። አንዴ ሞክሬው ገጹ ተንቀራፈፈ፣ በዚያ ላይ ሰርቨር ያከራየኝ ድርጅት «ሰው ላይ ስካን ታደርጋለህ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እውነቱን ነው። አትሞክረው።

ማታ_ኮደር፦
አይፒው የማን ኔትወርክ እንደሆነ በኤኤስኤን (የኔትወርክ መለያ) ቁጥሩ እይ። የሰርቨር አከራዮች ክልል ውስጥ ከሆነ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚገባበት አይፒ አይደለም ማለት ነው። አማዞን የራሱን የአይፒ ክልሎች በጄሰን ፋይል ያወጣል፣ ማንነትን የሚደብቀው የቶር ኔትወርክም የመውጫ ኖዶቹን (ትራፊኩ የሚወጣባቸውን ሰርቨሮች) ዝርዝር በይፋ ያስቀምጣል። ከባዱ ሬዚደንሻል የሚባለው ፕሮክሲ ነው፤ የእውነተኛ ሰው የቤት ኢንተርኔት ስለሆነ ከየትኛውም ዝርዝር ላይ ላታገኘው ትችላለህ።

ግን ዝም ብለህ እንዳትዘጋ! አፕል ከ2021 ጀምሮ ለአይክላውድ ፕላስ ተጠቃሚዎቹ ያቀረበው፣ አይፒ የሚሸፍን ፕራይቬት ሪሌይ አለ፣ ብዙ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ቪፒኤን ይገባል፣ ኦፔራ ሚኒም ገጹን በራሱ ሰርቨሮች በኩል ነው የሚያመጣው። አንተ የያዝከው ደግሞ የድምፅ ማጭበርበር ነው፣ ፕሮክሲ አይደለም። እና በአንድ አይፒ አንድ ድምፅ የሚለው ሕግህ ራሱ ችግር አለው፤ የሞባይል ኔትወርክ ላይ ብዙ ደንበኛ አንድ አይፒ ይጋራል፣ አንዱ ከመረጠ ሌላው ቀረ ማለት ነው። ድምፅን በኢሜይል አረጋግጥ፣ ከሰርቨር ክልል የመጣውን ደግሞ ካፕቻ (ሰው መሆኑን የሚፈትሽ) ጨምርበት።

ጀማሪው፦
ሽቦ፣ ልክ ነህ፣ ሲዲኤን ነበረ። ድምፅ የሚቀበለው ፋይል ላይም ፍተሻው የለም፣ አፈርኩ። ሰውየው ገጹን ሳይከፍት በቀጥታ ወደዚያ ነበር የሚልከው። ሁለቱንም አስተካከልኩ፣ የእውነተኛውን አይፒ ኤኤስኤን ሳይ ከሌሊቱ ድምፆች አብዛኞቹ ከሁለት የሰርቨር አከራዮች ናቸው። የኢሜይል ማረጋገጫውንም ትናንት ማታ አስገባሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ መልእክት ደረሰኝ፦ «ድምፅ መስጫችሁ ተበላሽቷል፣ ቶሎ አስተካክሉት» ይላል። ማን እንደሆነ ገምቱ።